ብረቱ ሳይግል
ልዩ ዘገባ፦ ስለ አንድ የሉማሜ የብየዳ ጠረጴዛ

ስምንት ጠፍጣፋ ብረቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ይረዝማሉ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ይሰፋሉ፣ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ። በመካከላቸው ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቷል። በእያንዳንዱ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ተበስቷል፤ ቢቆጠሩ 160 ገደማ ይሆናሉ። ከሥራቸው ከከባድ መኪና ሻንሲ ተቆርጦ የተሠራ አግዳሚ አለ። ከጎን የመኪና ጎማ ማሰሪያ ከነኩሽኔታው ተሰክቷል፤ ከእግሩ አጠገብ ዘይት የጠገበ ክሪክ ቆሟል። ከሩቅ ላየው የመኪና ፍርስራሽ ክምር ነው። ቀርቦ መዳፉን በላዩ ላስኬደ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እጁ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሲሄድ አንድም ቦታ አያደናቅፈውም።

ይህ የብየዳ ጠረጴዛ ነው። የቆመው ሉማሜ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነው። ሉማሜ የምሥራቅ ጎጃሙ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ደጀን ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚወስደው ደግሞ ደጀን ላይ ተገንጥሎ የዞኑን ሌላ ክንፍ ይይዛል። ጭነት የከበደው መኪና ዓባይን ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲወጣ ሞተሩ ያቃስታል። እንዲህ ያለ ቁልቁለትና ዳገት ባሌስትራ ይሰብራል፣ ሻንሲ ይሰነጥቃል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ለመኪናው ባለቤት ኪሳራ የሆነው ለበያጁ ጥሬ ዕቃ ነው።

የጠረጴዛው ሠሪ በስማቸው መጠራት አልፈለጉም፤ ሥራው ከታየ ይበቃል ባይ ናቸው። ረዳታቸው «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው ብለናል።

ከመሬት መነሣት

በየከተሞቻችን ያለው በያጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው መሬት ላይ ነው። ቱቦላሬው አፈር ላይ ይዘረጋል፤ ዝቅ ያለው ቦታ በድንጋይ ወይም በብረት ቁራጭ ይደገፋል፤ በያጁ ቁጢጥ ብሎ፣ አንዳንዴም በእግሩ ረግጦ ይዞ ያጣብቃል። በሩ መሬት ላይ ሳለ የተስተካከለ ይመስላል። ግድግዳው ላይ ሲተከል ግን አንዱ ማዕዘኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቁልፉ አልገጥም ይላል፣ ከሥር ወለሉን ይፍቃል። ያን ጊዜ ግራይንደር ይመጣል፤ መዶሻ ይመጣል፤ ከባለቤቱ ጋርም ክርክር ይመጣል።

ስሕተቱ ሲሠራ አይታይም፤ የሚታየው ርቀት ሲያገኝ ነው። የበሩ ማዕዘን በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በ2 ሜትር ቁመት ላይ ከ17 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ግማሽ ዲግሪ በዓይን አይለይም። አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ግን ነፋስም አይጥም የሚያስገባ ክፍተት ነው።

መሬት ላይ መሥራት የሰውንም አካል ይጎዳል። ቁጢጥ ብሎ የሚበይድ ሰው ፊቱ የሚደፋው ከብየዳው በቀጥታ ሽቅብ በሚወጣው ጢስ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጢስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ደግሞ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። በፀሐይ መነጽር ብቻ የሚበይድ ወጣት ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ እየመሰለው ይነቃል። ይህ ከብልጭታው የሚወጣው የማይታይ ጨረር የዓይንን የላይኛ ሽፋን ስላቃጠለው ነው። ጠረጴዛ ጭንብልን አይተካም። ነገር ግን ሰውየውን ያቆመዋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ፊቱን ከጢሱ ዘወር ማድረጊያ ቦታ አለው፤ ወገቡም ለነገ ይተርፋል።

ብረት ለምን ይጠማዘዛል?

ጠረጴዛው ለምን እንዲህ እንደከበደና ለምን ይህን ያህል ቀዳዳ እንደበዛበት ለመረዳት ብረት ሲበየድ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

1 ሜትር የሚረዝም ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለመናው እኩል ቢግልና እኩል ቢቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር። ብየዳ ግን እኩል አያግልም። ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ብልጭታው የነካት ነጥብ ስትቀልጥ ስንዝር ርቆ ያለው ክፍል ገና ቀዝቃዛ ነው። የጋለው መስፋት ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ዙሪያውን ይዞ አይለቀውም። መስፊያ ያጣው ትኩስ ብረት በራሱ ውስጥ ይታመቃል። ሲቀዘቅዝ ታዲያ ከበፊቱ አጥሮ ይገኛል፤ እያጠረም ጎረቤቱን ወደ ራሱ ይስባል። የተበየደው ጎን ስለሚያጥር ብረቱ ወደዚያው ጎን ይታጠፋል።

በያጅ ይህን ኃይል ሊያጠፋው አይችልም፤ ሊገዛው ግን ይችላል። ብልሃቶቹ ጥቂት ናቸው። ብረቱን በጠንካራ ነገር ላይ አጥብቆ ማሰር። ሙሉውን ከመበየድ በፊት በነጥብ በነጥብ ማስያዝ። አንዱን ማዕዘን ከበየዱ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን በሰያፍ ትይዩ ወዳለው መሻገር። በመጨረሻም ቀዝቅዞ ሳያበቃ አለመፍታት። የመጀመሪያው ከሌለ ሌሎቹ ጉልበት ያጣሉ። አጥብቆ ለማሰር ደግሞ መታሰሪያው ራሱ የማይነቃነቅና ዝርግ መሆን አለበት። ዝርግ ባልሆነ ነገር ላይ የታሰረ ብረት የጠረጴዛውን ጉድለት ይዞ ይነሣል።

ብረትን እንደጋለ መቀጥቀጥ ነው ይባላል። ለቀጥቃጩ እውነት ነው። በጠረጴዛ ለሚሠራ በያጅ ግን ዋናው ሥራ የሚያልቀው ብረቱ ሳይግል ነው።

ዝርግ ነገር ከየት ይመጣል?

ጋሼ መጀመሪያ ያሰቡት አንድ ወጥ ላሜራ ለማንጠፍ ነበር። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ 12 ሚሊ ሜትር የወፈረ ላሜራ 188 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋጋው ከበደ። ሌላም ችግር ነበረው፤ ወጥ ላሜራ አንዴ ከጎበጠ ጎበጠ ነው፣ በትልቅ ማሽን ካልተላገ መመለሻ የለውም። ስምንቱ ጠፍጣፋ ብረቶች የመጡት ከዚህ ሐሳብ ነው። አንድ ላይ 150 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። አንዱ ቢጎዳ እሱ ብቻ ይወጣል። በክፍተቶቹ በኩል ማሰሪያ ከየትኛውም አቅጣጫ ይገባል፤ ፍንጣሪውና ቅርፊቱም ወደ ታች ይወድቃል እንጂ ላዩ ላይ አይከመርም።

ብልሃቱ ያለው ከሥር ነው። በእያንዳንዱ ጠፍጣፋ ብረት ሆድ ላይ ቡሎኖች ተበይደዋል። ቡሎኖቹ በአግዳሚው ቀዳዳ ያልፋሉ። ከአግዳሚው በላይ አንድ ዳዶ፣ ከአግዳሚው በታች ሌላ ዳዶ አለ። የላይኛው ብረቱን ተሸክሞ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ የታችኛው በተፈለገው ከፍታ ላይ ይቆልፈዋል። ቡሎኖቹ ሲበየዱ ብረቶቹ መጉበጣቸው አልቀረም። ዳዶዎቹን በማዞር ግን የጎበጠው ወደ ታች ተሳበ፣ የሰረጎደው ወደ ላይ ተገፋ። ጠረጴዛው የሚስተካከለው አንዴ ሳይሆን በፈለጉት ጊዜ ሁሉ ነው።

መለኪያው ምን ነበር? ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ የተወጠሩ ሁለት ቀጫጭን ክሮች። አራቱ ማዕዘኖች በአንድ ዝርግ ላይ ካሉ ክሮቹ መሐል ላይ ሲገናኙ እንዲያው ይነካካሉ። አንዱ ሌላውን ከተጫነው ወይም ካልደረሰበት ጠረጴዛው ተጠማዟል ማለት ነው። ከዚያ ቀጥታነቱ የተረጋገጠ ረጅም ብረት ላዩ ላይ ይጋደማል፤ በሥሩም የደብተር ወረቀት ይሞከራል። ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ወረቀቱ ከሾለከ ያ ቦታ ዝቅ ብሏል፤ ዳዶው ይዞራል። እንዲህ እየተባለ ከጥግ እስከ ጥግ ይኬዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ጠረጴዛ ዝርግ መሆኑና በውሃ ልክ መሆኑ የተለያዩ ናቸው። ዝርግ የሆነ ጠረጴዛ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብልም በላዩ የተሠራው በር ቀጥ ያለ ይሆናል። በውሃ ልክ የቆመ ነገር ግን የተጠማዘዘ ጠረጴዛ ሁሉንም ያበላሻል። ጋሼም መጀመሪያ ዝርግ አደረጉት፤ ከዚያ ነው ውሃ በሞላ ጥርት ያለ ላስቲክ ቱቦ እግሮቹን ያስተካከሉት።

ያለ ማሽን ዝርግ ነገር የመሥራት ጥያቄ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1840 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ ለተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ሁለት ብረቶች እርስ በርስ ተፈታትገው ቢገጣጠሙ ዝርግ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው ሰርጓዳ ሊሆን ይችላል። ሦስት ብረቶች ግን ሁለት ሁለት ሆነው፣ እየተቀያየሩ ሁሉም ከሁሉም ጋር ከገጠሙ ዝርግ ከመሆን ውጪ ምርጫ የላቸውም። የዛሬው የፋብሪካ ትክክለኛነት ከዚህ ዓይነት የእጅ ሥራ ላይ የበቀለ ነው። በጀርመን ሲግመንድና ደምለር የተባሉት አምራቾች 16 እና 28 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላቸውን የብየዳ ጠረጴዛዎች በማሽን ልገው ለዓለም ይሸጣሉ። የሉማሜው ጠረጴዛ ያን ያህል ትክክል ነኝ አይልም። የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ የቀዳዳው ስፋትም ገጥሟል።

በዙሪያው ያለው

ጠረጴዛው ብቻውን አልቆመም። እግሮቹ ሁለት ሁለት ቱቦላሬዎች ናቸው፤ ቀጭኑ በወፍራሙ ውስጥ ይገባል፣ በተበሳው ቀዳዳም ወፍራም ቡሎን ይሰካል። ለመስኮት ሥራ ጠረጴዛው ወደ ወገብ ከፍ ይላል። የግቢ በር ሲመጣ ዝቅ ይላል። ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ያ ዘይት የጠገበው ክሪክ ነው፤ በአንዱ ጎን ያነሣል፣ ቡሎኑ ይሰካል፣ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል።

ከጎን የተሰካው የጎማ ማሰሪያ ለክብ ሥራ ነው። ቱቦ ወይም ፍላንጃ ከላዩ ይታሰራል፤ ረዳቱ በእጁ ቀስ እያለ ሲያዞረው በያጁ እጁን ሳያንቀሳቅስ ዙሪያውን ይበይዳል። የቀለጠ ብረት ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ ስለሚረጋ ብየዳው አይንጠባጠብም። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። የብየዳ ኤሌክትሪክ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። የመመለሻው ኬብል ጠረጴዛው ላይ ከተቆነጠጠ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በኩሽኔታው ኳሶች በኩል ይሆናል፤ ኳሶቹ ላይ ጥቃቅን ብልጭታዎች ይፈጠራሉ፣ ገጻቸው ይበሳሳል፣ ኩሽኔታው ብዙም ሳይቆይ መንቋቋት ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ጎን ሲሠራ ቆንጣጩ የሚያዘው ራሱ በሚዞረው ዕቃ ላይ ነው።

ከሥር የተንጠለጠለች ትንሽ የላሜራ ሳጥን አለች፤ ውስጧ አምፖል ይበራል። ኤሌክትሮድ እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ኤሌክትሮድ ይፈነጥራል፣ ብየዳውን ያቦረቡራል። የጎጃም ክረምት ደግሞ ለእርጥበት አይሳሳም። አምፖሏ በምትሰጠው ጥቂት ሙቀት ኤሌክትሮዱ ደርቆ ይቆያል።

የሌለውም ነገር መጠቀስ አለበት። በጠረጴዛው ላይ አንድም የባሌስትራ ቁራጭ የለም። ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት ጠንካራ ብረት ነው፤ እንዲሁ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። እሱ የሚሄደው ወደ ቀጥቃጩ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይወጣዋል። የወዳደቀ ብረት መሰብሰብ ቀላል ነው። የትኛው ለምን እንደሚሆን መለየቱ ግን ሙያ ይፈልጋል።

አንድ በር

ከገጠር ለመጣ ገበሬ የሚሆን በር ሊሠራ ነው፤ 2 ሜትር በ1 ሜትር። አራቱ ቱቦላሬዎች ተቆርጠው ጠረጴዛው ላይ ተኙ። ረዳቱ በየማዕዘኑ ከአንጎላሬ ቁራጭ የተሠሩ መደገፊያዎችን በቀዳዳዎቹ ውስጥ በቡሎን አሰረ፣ ብረቶቹን አስጠጋ፣ ስኳድራ ያዘበት፣ ጠበቅ አደረገ። ከዚያም መያዣውን አነሣ።

«ጋሼ፣ ላስይዘው?»

«ሰያፉን ለካኸው?»

«በስኳድራ ገጥሟል እኮ።»

«ስኳድራ ጥጉን ነው የሚነግርህ፣ ልጄ። ሰያፉን ለካ።»

ለካ። አንዱ ሰያፍ 223 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 224 ሙሉ። የሁለቱ ሰያፍ እኩል መሆን አራት ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ከስኳድራ በተሻለ ይናገራል፤ ስኳድራ የሚያየው አንድ ስንዝር ሲሆን ሰያፍ ግን በሩን በሙሉ ያያል። ረዳቱ አንዱን መደገፊያ ፈታ አድርጎ በመዶሻ መታ፣ ደግሞ ለካ፣ ደግሞ መታ። ሁለቱም እኩል ሲመጡ ጋሼ ምንም አላሉም፤ ጭንብላቸውን አወረዱ።

ብየዳው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው የወሰደው። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጥሎ በሰያፍ ማዶ፣ ከዚያ የቀሩት ሁለቱ። ገበሬው በሩን አይተው ገንዘብ ለመክፈል እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ አልተፈታላቸውም።

«አለቀ አይደል እንዴ?» አሉ።

«አላለቀም፣ አባቴ። ብረቱ እስኪረጋ ይቆይ» አሏቸው ጋሼ።

ቀዝቅዞ ሲፈታ በሩ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ቀረ። ይህ ማለት በውስጡ ምንም ኃይል የለም ማለት አይደለም፤ ለመሳብ የታገለው ኃይል ከፊሉ ብረቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ለቤት በር ግን ይህ አያሳስብም። የሚፈለገው ቅርጹ መጽናቱ ነው።

ሃያኛው እንደ መጀመሪያው

ለአንድ በር ብቻ ከሆነ ጎበዝ በያጅ መሬት ላይም ይወጣዋል። ጠረጴዛው ዋጋውን የሚመልሰው አንድን ነገር ሃያ ጊዜ ሲሠሩ ነው። መደገፊያዎቹ አንዴ በቀዳዳዎቹ ከታሰሩ ሁለተኛው ዕቃ መለካት አያስፈልገውም፤ አምጥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሃያኛው የመጀመሪያውን ይመስላል።

ይህ በምሥራቅ ጎጃም ቀላል ጉዳይ አይደለም። አካባቢው ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ዋልካ አፈር አለው። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። ክረምት ላይ ውሃ ስለሚያቁር ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ የእርሻ ጊዜው ግማሹ ያልፋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ይገኝ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና አጋሮቹ ሁለት ማረሻዎችን አጣምረው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ አቀረቡ፤ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር። ገበሬው ቢቢኤም ይለዋል። ከዚያ ወዲህ የእርሻ መሣሪያ መሐንዲሱ ዶክተር መለሰ ተመስገን በነባሩ ማረሻ ላይ የሚገጠመውንና ቀለል ያለውን አይባር ቢቢኤም አወጡ።

እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ወረቀት ላይ ሲታይ ክንፍና ማጠፊያ ነው። ማሳ ላይ ሲወርድ ግን የግራው ክንፍ ከቀኙ ጥቂት ቢለይ በሬዎቹን ወደ አንድ ጎን ይጎትታቸዋል፣ ቦዩም ይጣመማል፣ ውሃውም አይወርድም። አንዱን ናሙና አሳምሮ መሥራት የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ናሙናውን ሳያዛቡ ለመንደሩ ሁሉ ማዳረስ ግን የገጠር ከተማው በያጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ጥሩ የፈጠራ ሐሳብ የሚመክነውም በዚህ በኩል ነው። የተሰበረ መሣሪያ መለዋወጫው ሉማሜ ላይ ልክ ሆኖ መሠራት ካልቻለ ገበሬው ወደ አሮጌው ማረሻ ይመለሳል።

ከማሽኑ በፊት

በዚህ አገር ባለ እጅ ሲከበር አልኖረም። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ማረሻውን እየተቀበሉ ስሙን የሚያጎድፉ ብዙ ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ብረት ሥራን በዘመናዊ መልክ ከሚማሩት ሙያዎች አንዱ አደረገው። ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየዞኑ አሉ፤ ብየዳ የተማረ ወጣትም እጥረት የለም።

ወጣቶች ተደራጅተው ሥራ ሲጀምሩ በቅድሚያ የሚታሰበው ሼድ፣ ብድርና የብየዳ ማሽን ነው። ማሽኑ ይገዛል፤ ግራይንደሩ ይገዛል፤ ከዚያ ሥራው መሬት ላይ ይጀመራል። ጋሼ ይህን አይቀበሉትም። እናት ሊጡን ከማፍሰሷ በፊት ምጣዷን ታስተካክላለች፤ እንጀራው ካዘመመ በኋላ ሊጡን መውቀስ አያዋጣም፣ ይላሉ። እሳቸውም ሥራ ሲጀምሩ ጠረጴዛ አልነበራቸውም። በተመለሱ በሮችና በተከፈሉ ካሣዎች ያጡት ግን ይህን ጠረጴዛ ከነክሪኩ እንደሚያሠራ አስልተው ያውቃሉ።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። በየኮሌጁ የብየዳ ሠልጣኝ ወንበርና መስኮት እየበየደ ይለማመዳል፤ ሲጨርስም ወይ ይሸጣል ወይ ይጣላል። የመመረቂያ ሥራው የራሱ የብየዳ ጠረጴዛ ቢሆንስ? አንድ ጠረጴዛ ውስጥ የሙያው ፈተና ሁሉ አለ። ሠልጣኙ መቁረጥ፣ መብሳትና በሰያፍ መለካት አለበት። ብረቱን ሳያጎብጥ መበየድ፣ ከጎበጠም መመለስ መቻል አለበት። የትኛው ውዳቂ ብረት ለምን እንደሚሆንም መለየት አለበት። መርማሪው ሁለት ክርና አንድ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ውጤቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያውቀዋል። ያለፈውም ወጣት የምስክር ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሌላው ሥራው ሁሉ የሚቆምበትን መሣሪያ ይዞ ይወጣል። ለዚህ ከውጭ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም፤ ብረቱ በዓባይ መንገድ ዳር ወድቆ ይገኛል።